«ኦርጋኒክ» ዶሮ በባሕር ዳር፦ በር መክፈት ብቻውን ደጅ አይሆንም

«ኦርጋኒክ እንቁላል አለን፣ እናደርሳለን» የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ብዙ ጊዜ ሻጩ ለማለት የፈለገው «የሀበሻ ዶሮ እንቁላል ነው» ነው። አንዳንዱ ደግሞ እንቁላሉን ሰብሮ የአስኳሉን ቢጫነት በፎቶ ያሳያል። ሁለቱም ስለ ኦርጋኒክነት ምንም አይነግሩንም። የአስኳል ቀለም የሚመጣው ከምግብ ነው። ቢጫ በቆሎና ጎመን የምትበላ ዶሮ ዕድሜዋን ሙሉ ኬጅ ውስጥ ተዘግታም ደማቅ አስኳል ትጥላለች።

ኦርጋኒክ የአረባብ ሕግ ነው። ዶሮዋ ምን በላች? ምን መድኃኒት ወሰደች? የት አደረች? የት ዋለች? ስለ መኖና ስለ መድኃኒት ብዙ ይወራል። ስለ ማደሪያና ስለ መዋያ ግን ወሬው አጭር ነው፤ «ግቢ ውስጥ ለቀቅ አድርገናቸዋል» ተብሎ ይታለፋል። ነገሩ የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው።

ስለ ሕጉ ትንሽ ልበል። አገራችን የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ አላት፤ ቁጥሩ 488/1998 ነው። በተግባር ግን የምስክር ወረቀት የሚወጣለት በአብዛኛው እንደ ቡና ያለ ወደ ውጭ የሚላክ ምርት ነው። ለእንስሳት ዝርዝር ልኬት የሚፈልግ ሰው የአውሮፓ ኅብረትን ደንብ ቢያይ ይጠቀማል። አሁን የሚሠራበት 2018/848 የተባለው ደንብ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ደንቡ ለላምም፣ ለበግም፣ ለአሳማም ሁለት ሁለት ልኬት ያስቀምጣል። አንዱ የቤት፣ ሌላው የደጅ ነው። ለምሳሌ 100 ኪሎ ለደረሰ የሚደልብ አሳማ 1.3 ካሬ ሜትር ቤትና 1 ካሬ ሜትር ደጅ ይገባዋል። (አሳማው እኛ ሰፈር ብዙ ጉዳይ የለውም። ሐሳቡ ግን አንድ ነው፤ በአፍንጫው መሬት ሲቆፍር ለመዋል የተፈጠረ እንስሳ መሬት ማግኘት አለበት።)

ለእንቁላል ጣይ ዶሮ ልኬቱ ይህን ይመስላል። ቤት ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር ከ6 ዶሮ በላይ አይገባም። ደጅ ላይ ለእያንዳንዷ 4 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። ቆጥ ለእያንዳንዷ 18 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ የመጣያ ሣጥን ለ7 ዶሮ ይበቃል። ከወለሉ ቢያንስ ሲሶው ጠጣር ሆኖ ጉዝጓዝ መልበስ አለበት። ቀኑን በአምፖል ማርዘም ይቻላል፤ ሆኖም ብርሃኑ ከ16 ሰዓት አይበልጥም። 8 ሰዓት ጨለማና ዕረፍት ግድ ነው።

50 ዶሮ ለማርባት ላሰበ ሰው እናስላው። ቤቱ 9 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 3 በ3 ቢሆን ይበቃል። ቆጡ በጠቅላላው 9 ሜትር ነው። የመጣያ ሣጥን 8። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው፤ አንድ አናጺ በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል። ደጁ ላይ ስንደርስ ግን 200 ካሬ ሜትር ይመጣል። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ብዙ ግቢ የሰውን ቤት ጨምሮ ይህን አያክልም። ስለዚህ ቀበሌ 14 ጓሮ ውስጥ 50 ዶሮ ይዞ «ኦርጋኒክ ነው» ማለት በሜትር ብቻ ሲለካ እንኳ አያስኬድም። 10 ወይም 15 ዶሮ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል።

ቦታው ይህን ያህል ለምን አስፈለገ? አንዱ ምክንያት ኩስ ነው። ደንቡ በአንድ ሄክታር መሬት ላይ በዓመት ከ170 ኪሎ በላይ ናይትሮጅን በፍግ መልክ እንዳይፈስ ይከለክላል። ይህን ያህል ናይትሮጅን የሚያወጡት 230 ገደማ ጣይ ዶሮዎች ናቸው። ለ50 ዶሮ ሲመታ ኩሱን ተሸክሞ የሚችለው መሬት ወደ 2,200 ካሬ ሜትር ይጠጋል። አንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ዶሮዎቹ 200 ካሬ ላይ ይዋሉ እንጂ ኩሱ ሁሉ እዚያው መቅረት የለበትም ማለት ነው። ደግነቱ ዶሮ ሌሊቱን ቆጥ ላይ ስታድር ብዙ ኩስ ትጥላለች። ከቆጡ ሥር ጣውላ ወይም ላሜራ አድርጎ በየጊዜው መጥረግና ለእርሻ መስጠት ይቻላል። በቆሎ ወይም ሽንኩርት የሚያለማ ጎረቤት ካላችሁ ደስ ብሎት ይወስደዋል።

ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ይህ ቁጥር የወረቀት ጣጣ ብቻ አይደለም። ክረምት ላይ ከየግቢው ታጥቦ የሚወርደው ሁሉ መጨረሻው ሐይቁ ነው። ከ2003 እና 2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን ያስጨነቀው እምቦጭ ደግሞ የሚወፍረው በናይትሮጅንና በፎስፈረስ ነው። የ50 ዶሮ ኩስ ጣናን አያጠፋም። ግን ከሐይቁ ዳር በተዳፋት ቦታ ላይ ዶሮ ለቅቆ፣ ኩሱን ዝናብ እያጠበው፣ «ተፈጥሯዊ አረባብ ነው» ማለት ትንሽ ያስተዛዝባል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሰው ቦታውን አሰፋ፣ አጥሩን አጠረ፣ ጠዋት በሩን ከፈተ እንበል። ምን ይሆናል? አብዛኞቹ ዶሮዎች አይወጡም። የሚወጡትም ከግድግዳው ሁለት ሦስት ሜትር አይርቁም። የበሩ አካባቢ በአንድ ወር ውስጥ ተጭሮ ራቁቱን ይቀራል፣ ይቦረቦራል፣ ይገማል። ከአጥሩ ዳር ያለው ሣር ደግሞ ማንም ሳይነካው ጉልበት ደርሶ ይቆማል። ባለቤቱ «እነዚህ ዶሮዎች ሰነፎች ናቸው፣ ቤት ለምደዋል» ይላል።

ስንፍና አይደለም። የዶሮ ዘር ግንዱ የደቡብ ምሥራቅ እስያ የጫካ ወፍ ነው። ቁጥቋጦ ሥር እየጫረ፣ ዛፍ ላይ እያደረ የኖረ ወፍ። ገላጣ ሜዳ ለእሷ አደጋ ነው፤ ጠላቷ ከላይ ይመጣልና። ጭልፊት በሰማይ ሲያልፍ አንዲትን ዶሮ ልብ ብላችሁ እዩ። መጫሯን ታቆማለች። አንገቷን ሰበር አድርጋ በአንድ ዓይኗ ወደ ላይ ታያለች። አንድ እግሯ እንደተነሣ ይቀራል። ከዚያ አውራው አንድ ቀጭን ድምፅ ያሰማል፤ ሁሉም እየተሯሯጡ ያገኙት ነገር ሥር ይገባሉ። የሚገቡበት ከሌለ በማግስቱ ከበሩ አይርቁም። ባሕር ዳር ላይ ጭልፊት የማይዞርበት ሰዓት ደግሞ የለም።

ስለዚህ ደጅ ማለት ሽፋን ያለው ደጅ ማለት ነው። ደንቡም ይህንኑ ይላል፤ መዋያው በአብዛኛው በዕፅዋት የተሸፈነ፣ መከለያም ያለው ይሁን። ሽፋኑ ከቤቱ በር መጀመር አለበት። ከበሩ ጥቂት ሜትር ላይ አንድ ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ዶሮዋ ከጥላ ወደ ጥላ እየዘለለች እስከ አጥሩ ትደርሳለች። ጌሾ፣ ግራዋ፣ ሰስፓንያ ቶሎ ያድጋሉ። ማንጎና ቡና ጊዜ ይፈልጋሉ፣ ግን ከደረሱ የሚተካከላቸው የለም። ፓፓያ ከላይ ጥሩ ነው፣ ከሥር ግን ባዶ ነውና ብቻውን አይበቃም። አቮካዶ አትትከሉ፤ ቅጠሉና ልጣጩ ለወፍ ዘር መርዝ ነው። ተክሉ እስኪደርስ ድረስ በአራት እንጨት ላይ የተወጠረ ኬሻም ሥራውን ይሠራል። መልኩ አያምርም፣ ዶሮዎቹ ግን አይገዳቸውም።

ይህን በትልቁ ማየት የፈለገ ሰው ጀልባ ይዞ ዘጌ ይሂድ። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው። ማረስና ዛፍ መቁረጥ በገዳማቱ ትውፊት ነውር ሆኖ ስለኖረ ደኑ ሳይጠፋ ቆይቷል። እዚያ አንዲት ዶሮ ከጎጆ ወጥታ ደረቅ ቅጠል ስትገላብጥ ብታዩ፣ የአውሮፓው ደንብ በብዙ አንቀጽ ሊያስረዳ የሚሞክረውን ነገር በአንድ እይታ ትጨርሳላችሁ።

ሽፋን ያለው ደጅ ሌላም ጥቅም አለው። ዶሮ ቀኗን የምታሳልፈው በመጫርና በመልቀም ነው። የምትጭረው ስታጣ የጓደኛዋን ላባ መንቀል ትጀምራለች። አንዴ ደም ከታየ ደግሞ ሁሉም ይረባረቡባታል። ትልልቅ እርባታዎች መፍትሔ ያደረጉት መንቁር መቁረጥን ነው። በኦርጋኒክ አረባብ ግን እንደ ዘልማድ መንቁር መቁረጥ አይፈቀድም። ስለዚህ ደጁ ካልሠራ ችግሩ ቤት ውስጥ ይፈነዳል። የአፈር መታጠቢያም እንዲሁ ነው። ከጌሾው ሥር ደረቅ አፈር ካለ እኩለ ቀን ላይ አራት አምስት ሆነው ይተኛሉ፤ በጎናቸው ተንከባለው አፈሩን በክንፋቸው ወደ ላባቸው ይነሰንሱታል። ከዚያ ተነሥተው ያራግፉታል። ቅማልና ቅንቅን የሚቆጣጠሩት እንዲህ ነው። ክረምት ላይ ደረቅ አፈር ስለማይገኝ ከጣሪያ ሥር በሣጥን አፈርና አመድ ቀላቅሎ ማስቀመጥ ይበጃል።

መውጫ ቀዳዳውን ሰው እንደ ትንሽ ነገር ያልፈዋል። በደንቡ መሠረት ለ100 ካሬ ሜትር ቤት በድምሩ 4 ሜትር ስፋት ያለው መውጫ ያስፈልጋል። ለኛ 9 ካሬ ቤት 36 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። አንድ ቀዳዳ ይበቃል ትሉ ይሆናል። ዶሮ ግን ደረጃ አላት። አንዷ ጉልበተኛ ቀዳዳው ላይ ትቆምና ደካሞቹን አታሳልፍም። እኔ ብጠየቅ ሁለት ቀዳዳ፣ በሁለት የተለያየ ግድግዳ ላይ እላለሁ።

ክረምቱ ነው እንግዲህ ፈተናው። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። አፈሩ ጥቁርና ተጣባቂ በሆነበት ሰፈር የዶሮ ደጅ በሐምሌ ጭቃ ነው። ጭቃው እግር ብቻ አያቆሽሽም። ኮክሲዲያ የተባለው የአንጀት በሽታ አምጪ ከኩስ ጋር ይወጣና እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ለመበከል ዝግጁ ይሆናል። የአንጀት ትላትል እንቁላልም አፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። በተለመደው እርባታ መኖ ውስጥ የኮክሲዲያ መከላከያ ይጨመራል። በኦርጋኒክ ይህ ክልክል ነው። መከላከያው መሬቱ ራሱ ነው።

መዋያውን ለሁለት ወይም ለሦስት ክፈሉት። ዶሮዎቹ አንዱ ላይ ሲሆኑ ሌላው ይረፍ። በጋ ላይ ፀሐዩ ያረፈውን መሬት አድርቆ ያጸዳዋል። የዶሮዎቹ ዙር ሲያልቅና አዲስ ቄቦች ሲገቡ ደግሞ ሜዳው ሙሉ በሙሉ ባዶ ሆኖ ሣሩ እስኪመለስ መጠበቅ አለበት፤ ይህ ደንብም ነው። በሩ አፍ ላይ ጠጠር አፍስሱ። ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ በአሸንዳ ወደ ሌላ ቦታ ውሰዱ። ብዙ ግቢ ውስጥ ያየሁት ጭቃ ከሰማይ የመጣ ሳይሆን ከዶሮው ቤት ቆርቆሮ የወረደ ነው። በጣም ሲጥል ዶሮ ቤት ቢያስቀሩ ጥፋት የለውም። ደንቡ የአየሩ ሁኔታ ሲፈቅድ ነው የሚለው። ያኔ የሚያድነው ሰፊ ታዛ ነው። በሽቦ የታጠረ ደረቅ ታዛ ካለ ዶሮዎቹ ዝናቡን እያዩ ይጭራሉ። ታዛው ግን በመዋያ ልኬት ውስጥ አይቆጠርም፤ ከላይ ጣሪያ አለውና።

ስለ ቤቱ። ከመሬት ከፍ ያለ መሠረት ይኑረው። ግድግዳው ከታች ግማሽ ሜትር ያህል በብሎኬት ወይም በጭቃ፣ ከዚያ በላይ በወንፊት ሽቦ ይሁን። ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢሆን የጠዋትና የማታ ፀሐይ በረጅሙ ጎን አይገባም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት ቆርቆሮ ብቻውን እሳት ነው። ዶሮ ላብ የላትም፤ አፏን ከፍታ በማለክለክ ነው የምትቀዘቅዘው። ከቆርቆሮው ሥር ቀርከሃ ወይም የደንገል ምንጣፍ መወጠር ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ጉዝጓዝ ላይ ባሕር ዳር ዕድለኛ ናት። ወረታ ቅርብ ነው፣ የፎገራ ሩዝ ገለፈት ከመፈልፈያው ይገኛል። ገለፈቱ ውሃ እምብዛም አይመጥም፤ ግን ቶሎ አይጋገርም። ሰጋቱራ ደግሞ ውሃውን በደንብ ይመጥጣል። ሁለቱን መቀላቀል ጥሩ ነው፤ ሰጋቱራው ቀለም ከተቀባ እንጨት ወይም ከቺፕውድ ያልመጣ መሆኑን አናጺውን ጠይቁት። አንድ እፍኝ ጨብጣችሁ ልቀቁት። ከተበተነ ደህና ነው። ተጣብቆ ከቀረ ረጥቧል፤ አገላብጡት ወይም ለውጡት። ሽታውን ደግሞ ቆማችሁ ሳይሆን ቁጢጥ ብላችሁ አሽትቱ። የዶሮዋ አፍንጫ ያለው እዚያ ነው። ዓይናችሁን ካቃጠላችሁ አሞኒያው በዝቷል።

ማታ በሩ ይዘጋል። ዶሮ ሲመሽ ራሷ ስለምትገባ ማባረር አያስፈልግም፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ቆጥ ላይ ናት። የሚዘጋው ለሸለምጥማጥ ነው። ሸለምጥማጥ በጠባብ ቀዳዳ ይገባል፣ ከገባ ደግሞ አንዷን ይዞ አይሄድም፣ ያገኘውን ሁሉ ይፈጃል። ሽቦው ከመሬት በታች 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢቀበር ቆፍሮ የሚገባውንም ያቆመዋል።

ሐይቁ ዳር መሆን አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለው። ጣና የውሃ ወፍ አገር ነው፤ ዳክዬው፣ ዝይው፣ ከሩቅ የሚመጣው ስደተኛ ወፍ ሁሉ ይሰፍርበታል። የወፍ በሽታም አብሮ ሊመጣ ይችላል። መኖና ውሃ ደጅ አታስቀምጡ። ሁለቱም ቤት ውስጥ ወይም ታዛ ሥር ይሁኑ። ያኔ የዱር ወፍ ለመውረድ ምክንያት ያጣል። ዶሮዎቹ ወደ ሐይቁ ዳር ወርደው እንዲጠጡም አትፍቀዱ። ደግሞ አጥሩ ማዶ ጫት የሚረጭ ጎረቤት ካለ፣ መርጫው በነፋስ ይመጣልና መዋያውን ከዚያ ጎን ማራቅ የግድ ነው።

ፈንግል ላይ ደግሞ የሚገርመኝ አንድ አስተሳሰብ አለ። «ኦርጋኒክ ስለሆኑ አናስከትባቸውም» የሚሉ አርቢዎች አሉ። ስህተት ነው። የተከለከለው መድኃኒትን ለበሽታ ሳይሆን እንደ መኖ ማጣፈጫ በየቀኑ መስጠት ነው። ክትባት ይፈቀዳል። ደጅ ለምትውል ዶሮማ ከማንም በላይ ያስፈልጋታል፤ ፈንግል ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ከገባ ሁሉንም ሊጨርስ ይችላል። ክትባቱ እዚሁ አገር፣ ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ይመረታል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ስለሆነ ጥቂት ያላቸው ጎረቤቶች በአንድ ቀን ተባብረው ባለሙያ ቢጠሩ ይረክሳል።

በዚህ ሁሉ መሐል የገጠሯ የሀበሻ ዶሮ የት ትቆማለች? ደጅ በኩል አንደኛ ናት። ቀኑን ሙሉ ከእህል አውድማ እስከ ቁጥቋጦ ትዞራለች፤ የትኛውም ደንብ ይህን ያህል መሬት አይሰጥም። የጎደላት ቤት ነው። የምታድረው ብዙ ጊዜ የሰው ቤት ጥግ በተሰቀለ ቆጥ ላይ ነው። ጫጩቶቿን ጭልፊትና ፈንግል ይከፋፈሏቸዋል። በዓመት የምትጥለው በአማካይ ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው። የከተማው አርቢ ደግሞ በተቃራኒው ቤቱን አሳምሮ ሠርቷል፣ ደጁን ረስቷል። ሁለቱም ግማሽ ናቸው።

አንድ የማይፈታ ነገርም አለ። አብዛኛው ዶሮ የሚጥለው ጠዋት ነው። በማለዳ ከተለቀቀች ጌሾ ሥር ትጥላለች፤ እናንተ እንቁላል ፍለጋ ስትንበረከኩ ትውላላችሁ፣ ቁራ ይቀድማችኋል። እስከ 4 ሰዓት ቤት ካቆያችኋት ሣጥን ውስጥ ትጥላለች፣ የደጅ ሰዓቷ ግን ያጥራል። ደንቡ ቀኑን ሙሉ ክፍት ይሁን ይላል። ብዙ አርቢ በተግባር የሚያደርገው ቄቦቹ መጣል ሲጀምሩ ለጥቂት ሳምንት አርፍዶ መልቀቅ ነው። ሣጥኑን ከለመዱ በኋላ ማለዳ ይከፍታል።

ገዢ ከሆናችሁ የምስክር ወረቀት መጠየቅ ለጊዜው ብዙም አያዋጣችሁም። ለ30 እና ለ50 ዶሮ ተቆጣጣሪ ድርጅት የሚያስመጣ ሰው አይኖርም፤ ክፍያው ከእንቁላሉ ይበልጣል። ይልቅ ግቢውን አሳዩኝ በሉ። ከቀትር በኋላ፣ ወደ 10 ሰዓት ሂዱ፤ ዶሮ ከሙቀቱ አርፋ ዳግም የምትጭርበት ሰዓት ነው። ከቤቱ ራቅ ያለው ሣር ላይ ስንት ዶሮ አለ? የበሩ አፍ ጭቃ ነው ወይስ ደረቅ? ጀርባቸው ላይ ላባ አለ ወይስ ተመልጧል? ከዚያ ሻጩን ባለፈው ሐምሌ የት እንደዋሉ ጠይቁት። በደንብ የሚያረባ ሰው ለዚህ ጥያቄ ረጅም መልስ አለው።